ክብርት ላጲስ

በየመሥሪያ ቤቱ ያለቀ ነገር የማያልቅለት አንድ ሰው አለ። ከሌለ መሥሪያ ቤቱ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። በር ቆልፎ ደረጃውን ከወረደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ፣ ከላይ ወደ ታች የደመረውን ከታች ወደ ላይ ደግሞ የሚደምር፣ «ጨረስኩ» ስትሉት «እስቲ እንደገና» የሚላችሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት አሁን አጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል።

የእኛው ሴት ነበሩ። በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ፊት ለፊት «እትዬ» እንላቸዋለን። ዞር ሲሉ ግን ሙሉ ማዕረጋቸው «ክብርት ላጲስ» ነበር። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክብርትነታቸው በምሳ ሰዓት ሱዶኩ ይፈታሉ። ዘጠኝ በዘጠኝ የሆነች ሰንጠረዥ ናት፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየዓምዱና በየትንሿ ክፍል ሳይደገሙ መግባት አለባቸው። ቀላሉን እኔም እፈታዋለሁ። እሳቸው የሚፈቱት ግን መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ያለውን፣ አናቱ ላይ «እጅግ ከባድ» ተብሎ የተጻፈበትን ነው። እሱስ ይሁን። ሰው ሦስት ቀን ያስቸገረውን ነገር ከፈታ በኋላ ምን ያደርጋል? ደስ ይለዋል፤ መጽሐፉን ይዘጋል። ክብርት ላጲስ ግን ላጲሳቸውን ያወጣሉ። በእጃቸው የሞሉትን በሙሉ አጥፍተው፣ ፍርፋሪውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ እንደገና ይጀምራሉ።

«እትዬ፣ ፈትተውታል እኮ!»

«በሰንሰለት ነዋ የፈታሁት። በመንትዮች ይሄድ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።»

ስሞቹን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። «መንትዮች» የሚሉት በአንድ ረድፍ ላይ ሁለት ሳጥኖች እነዚያኑ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ሲጠብቁ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሮቹን ከረድፉ ሌሎች ሳጥኖች ያባርሯቸዋል። «ሰንሰለት» ደግሞ «ይቺ አራት ብትሆን ያቺ ስምንት ትሆናለች፣ ያቺ ስምንት ከሆነች...» እያሉ እስከ ሰንጠረዡ ጫፍ መሄድ ነው። «አራት ማዕዘን» የሚሉትም አለ፤ እሱን ያገኙ ቀን ከሰዓት በኋላ ለመጣው በሽተኛ ሁሉ ፈገግ ሲሉ ይውላሉ። አንዷን ሰንጠረዥ አራት ጊዜ ፈትተው፣ አራት ጊዜ አጥፍተው፣ ወረቀቱ መሐሉ ላይ ተቀደደ። ከኋላው የቁስል ፕላስተር ለጥፈው አምስተኛውን ቀጠሉ።

አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሙ በመስኮታችን ሲያልፍ መጽሐፉን አየና «ያንን እኔ ትናንት ስልኬ ላይ በስምንት ደቂቃ ጨረስኩት» አለ። ምን ነካው!

«በየት በኩል መጡ፣ ዶክተር?» አሉት።

«ሞከርኩ፤ ሆነልኝ።»

«መሞከርማ ዕድል ነው። ይቀመጡ።»

ሐኪሙ ተቀመጠ። ፎቅ ላይ ድዱን አደንዝዞ የተወው በሽተኛ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጉንጩን ይዞ ሊፈልገው ወረደ።

እኔንም ሊያስተምሩኝ ስድስት ዓመት ደክመዋል። እኔ ግን ችኩል ነኝ። አንዴ «ጨረስኩ!» ብዬ ባሳያቸው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሁለት ሰባት ተቀምጧል። አልሳቁብኝም።

«የተሳሳትከው እዚህ አይደለም» አሉኝ። «ወደ ኋላ ተመለስ። ሳታውቅ እንዳወቅህ ሆነህ የሞላሃት አንዲት ሳጥን አለች።»

አልተመለስኩም። «ይኼ የቁጥር ጨዋታዎ ይቅርብኝ» ብዬ ሳቅሁና ምሳ ሰዓት አልቋል አልኳቸው።

ሥራቸውም እንደዚሁ ነበር። ካርዱን በቁጥሩ ያወጡታል፤ ቀጥለው የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ የእናት ስም ይጠይቃሉ። «በሁለት በኩል ካልመጣልኝ ካርድ አልሰጥም» ይላሉ። ሰልፋቸው ያጉረመርማል። በእኔ መስኮት ግን ሰልፉ ይሮጣል፤ በዚህም እኮራ ነበር።

እዚህ ድረስ ያለውን ለስንቱ እያሳቅሁ አውርቼዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ሆነ። አራት ነበርን፤ እትዬ፣ እኔ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ ሽማግሌና በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች አንዲት ባልደረባችን። ሦስት ሰው ይበቃል ተባለ። አራተኛው ምድር ቤት፣ አሮጌ ማህደር ወደተከማቸበት መጋዘን ይወርዳል። በቅጥር የመጨረሻው እኔ ስለሆንኩ ተራው የእኔ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የአስተዳደር ኃላፊው ኮምፒውተር ስለምችል አስጠርተው ማን ይውረድ ብለው አስተያየቴን ጠየቁኝ።

«እትዬ ጥሩ ሰው ናቸው» አልኩ። ሰው ሌላውን ሊጎዳ ሲል ሁልጊዜ ከዚህ ነው የሚጀምረው። «ግን ፍጥነት የላቸውም። የሥራ ሰዓታቸውም በቁጥር ጨዋታ ነው የሚያልቀው።»

የሥራ ሰዓት! እትዬ ከምሳ ሰዓት ውጭ ያንን መጽሐፍ ነክተው አያውቁም። ሰዓቱ ሲሞላ ቁጥሩን እንኳ ሳይጨርሱ እርሳሱን ጥለው ይነሳሉ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በሳምንቱ ደብዳቤው ደረሳቸው። እንደ ልማዳቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን፣ ኩባያቸውንና መጽሐፋቸውን በፌስታል ይዘው ወረዱ። ማንንም አልወቀሱም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሻይ እየገዛሁ ምድር ቤት እወርድላቸው ጀመር። «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉኛል። ክፍሉ መስኮት የለውም። በአንዲት ደብዛዛ አምፖል ሥር የደበዘዘ ጽሑፍ ሲያነቡ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ስምንት ወር ሠሩ፤ ጡረታቸው ሁለት ዓመት ሲቀረው በዓይን ሕመም ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ፣ ሰልፉ እየሮጠልኝ ሳለ፣ አንዲት ሴት ስሟንና የአባቷን ስም ነገረችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ የመጣውን ነክቼ ወደ ሐኪሟ ላክሁት። ብዙም ሳይቆይ ነርሷ እየሮጠች መጣች።

«የማንን ካርድ ነው የላክህልኝ? ሴትዮዋ ፔኒሲሊን አይስማማትም! ካርዱ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። መርፌውን በእጄ ይዤ ሳለ ነው የነገረችኝ!»

ስለተናገረች ተረፈች። ባትናገርስ? ኮምፒውተሩን ደግሜ አየሁት፤ በዚያ ስም ሁለት ሴቶች አሉ። የእናቷን ስም ብጠይቃት ኖሮ በአንድ ቃል ይለይ ነበር።

ያን ቀን የመጣውን ሁሉ የእናቱን ስም ስጠይቅ ዋልኩ። ቅዳሜ ጠዋት የእትዬን ቤት አጠያይቄ ሄድኩ።

መምህርት የሆነችው ልጃቸው ከፈተችልኝ። እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ልጃቸው ካርቶን ላይ አጉልታ የገለበጠችላቸው ሰንጠረዥ ፊታቸው ተዘርግቷል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ቡጢ ያህላል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ኃላፊው ዘንድ...»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ከካርቶኑ ቀና ሳይሉ።

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። በሦስት መንገድ ደረስኩበት።» ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «አንደኛ፣ ደብዳቤው ‹የቁጥር ጨዋታ› ይላል። ከሰው ሁሉ እንደዚያ ብለህ የምትጠራው አንተ ነህ። ሁለተኛ፣ አራት ነን። አንዷ አራስ ናት፣ ሽማግሌው በዚያ ጉልበታቸው እስከ ኃላፊው ፎቅ አይወጡም፣ እኔ ራሴን አልከስም። ማን ቀረ? ሦስተኛ...» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ሻይ ገዝተህልኝ አታውቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

እርሳሱን ካርቶኑ ላይ አስቀመጡ።

«አራተኛውን እየፈለግሁ ነበራ» አሉ። «አንተ ሳትሆን የምትቀርበትን መንገድ። ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ምድር ቤት ፈለግሁት። አጣሁት፣ ልጄ።»

ልጃቸው የምታርመውን ደብተር ዘግታ ወደ ጓዳ ገባች፤ የሚያለቅስ ሰው ፊት መቀመጥ ከብዷት ሳይሆን አይቀርም። የሚያለቅሰው እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ኃላፊው ዘንድ ገብቼ «ያኔ የነገርኩዎት ውሸት ነው» አልኩ። በጽሑፍም ሰጠሁ። አነበቡትና ትከሻቸውን ሰበቁ። «አሁን ይኼ ምን ያደርጋል? ሴትዮዋ ወጥተዋል እኮ።»

እውነታቸውን ነው፤ ምንም አላደረገም። በእትዬ ማህደር ውስጥ ይግባልኝ ብዬ ለምኜ ገባ፤ ከማህደሩ ጋርም ምድር ቤት ወረደ። ዓይናቸውን አልመለሰላቸውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። እሳቸው ይናገራሉ፤ እኔ እጽፋለሁ፣ አጠፋለሁ። አሁን ካርቶኑ ላይ ያለውንም በደንብ አይለዩትም፤ ቁጥሮቹን ሳነብላቸው በጭንቅላታቸው ይይዙታል። አንድ ቀን መላ ያጡለትን ሰንጠረዥ እኔ ባልጠበቁት በኩል ዞሬ ከፈትኩት። «እንዴት ያለ ጠማማ መንገድ ነው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። በቃል አልነገሩኝም፤ እኔም ለመጠየቅ አፍ የለኝም። ያለፈው ቅዳሜ ልወጣ ስል ዝናብ ወረደ። በር ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር፣ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ወደ ጓዳ ሲጣራ ሰማሁት።

«አንቺ ልጅ! ጥላውን አምጪው እንጂ፤ ወንድምሽ ሊሄድ ነው።»