ሰው እስኪሞላ

ጓድ መኩሪያ አምሳሉን በደለው፤ «አሜን» አልክ ብሎ አሰረው። እኔንም በድሎኛል። የኔ ግን ስድብ ነው፣ ስድብ ደግሞ እንደ ማሽላ ነው፤ ጎተራ ገብቶ ይቆያል፣ ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። እንግዲህ ማን ማንን እንደበደለ ከመነሻው ተናግሬያለሁ። እንደ ሐሰት ምስክር ዙሪያ ጥምጥም አላደክማችሁም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ሻይ ቤት የሰማሁት የወጣቶች ክርክር ነው። አክራሪ ፖለቲከኛን በምን ይመልሱታል? ግማሾቹ «ጎዳና ወጥቶ፣ ጮኾ፣ ካስፈለገም ድንጋይ ወርውሮ ነው» ይላሉ። ግማሾቹ «አንገት ደፍቶ ማሳለፍ ነው» ይላሉ። እኔ በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ። ሊቃውንቱ በዚህ ጉዳይ ምን እንዳሉ ግማሽ ግማሹን ነው የማውቀው፤ የቀረው ግማሽ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ስኳር ጋር ይሄድብኛል። ድንጋይ ግን ወርውሬ አውቃለሁ። ስለዚህ ብናገር ነውር የለውም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቦታው መተማ አጠገብ ካለችው ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የመንግሥት የሰሊጥ እርሻ። እኔ የሠራተኞቹ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ስላችሁ አትደንግጡ፤ ከበታቼ የነበሩት ሁለት ሴቶችና አንድ ከበርሜል የተቆረጠ ድስት ናቸው፣ ከሦስቱም የሚታዘዘኝ ድስቱ ነበር።

ሠራተኞቹ ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱ ናቸው። ወባውንና ሐሩሩን ስለሚፈሩ ከየመንደራቸው አሥር አሥር ሆነው ይመጣሉ። አሥሩ ባንድ መስመር ያጭዳል፣ ባንድ ዳስ ይተኛል፣ ባንድ ትሪ ይበላል። ታዲያ አንድ ሕግ አላቸው፤ አሥረኛው እጅ ካልቀረበ ማንም አይቆርስም። አንዱ ዱር ወጣ ካለ እንኳ ዘጠኙ ትሪው ላይ አፍጥጠው ይጠብቁታል። «ብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ!» ስላቸው «ሰው እስኪሞላ» ይሉኛል። ስንቴ ረግሜያቸዋለሁ! የደከሙበት ወጥ ዓይናችሁ እያየ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጓድ መኩሪያ የእርሻው ካድሬ ነው። ከእኔ ታናሽ፣ ቀጭን፣ ቃላቱ ከራሱ የሚከብዱ ሰው ነበር። ለሱ ዓለም ሁለት ናት፤ አብዮተኛና ጠላት። ጠላት ሞልቷል እያለ ለበላዮቹ ይጽፋል፤ እርሻው ላይ ግን ከወባ ትንኝ ሌላ ጠላት አጥቶ ሲጨነቅ ከረመ።

አንድ ሰኞ ጧት፣ አጨዳ ሊጀመር ሲል፣ ሦስት መቶውን ሠራተኛ አሰለፈና ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ።

«ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!»

«ይውደም!» አልን። ምን እንደሆነ ባናውቅም ከወደመ ይውደም።

አምሳሉ የጎጃም ልጅ ነው፤ ቆላ ሲወርድ የመጀመሪያው ነው። በአገሩ እንዲህ ያለ ቃል ከሽማግሌ አፍ ነው የሚወጣው፤ ሽማግሌ ሲረግም ምን ተብሎ እንደሚመለስ ደግሞ ከሕፃንነቱ ያውቃል። እኛ ጮኸን ጸጥ ስንል፣ ነጠላውን አደግድጎ፣ ከልቡ፣ «አሜን!» አለ።

ሦስት መቶ ሰው ሳቀ። ጓድ መኩሪያ ሁለተኛውን መፈክር አስከተለ። አምሳሉም ሁለተኛውን «አሜን» አስከተለ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ትገምታላችሁ። በአብዮቱ አላገጠ ተብሎ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት። ቅዳሜ በሚመጣው የጭነት መኪና ወደ ጎንደር ይላካል ተባለ። ከሱ በፊት በዚያ መኪና የተላኩ ሰዎች ነበሩ። ሲመለሱ ያየ አልነበረም።

ማክሰኞ የኮኪቱ መምህር ወንድይፍራው የከተማውን ወጣቶች ሰብስቦ መጣ፤ እኔም ማማሰያዬን ጥዬ ተቀላቀልኩ። «አምሳሉ ይፈታ!» እያልን፣ እየፎከርን ወደ ካድሬው ቢሮ ተመምን። ድንጋይ ወረወርን፣ የመስኮቱ መስታወት ረገፈ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ ይላል። ድንጋዩ ከእጅ ሲወጣ የዓመት ንዴት አብሮት ይወጣል። ሁለተኛዬን ላነሳ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ግን፣ በተሰበረው መስኮት የጓድ መኩሪያን ፊት አየሁት።

አልፈራም። ሙሽራ መስሏል!

ለካ ያ ሰው ሲራብ የከረመው ጠላት ነው። እኛ ደግሞ ትኩስ ትኩሱን እቢሮው ድረስ አቀረብንለት። ወጥ ቤት መሆኔን እዚያም አልተውኩትም።

እኩለ ቀን ሳይሆን ታጣቂ ደረሰለት። ሁለት ወጣቶች ተይዘው ጀርባቸው እስኪላጥ ተገረፉ። ወንድይፍራው በመተማ በኩል በእግሩ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ገባ። አምሳሉም ጧት አላጋጭ የነበረው ከሰዓት በኋላ «የአመፁ መሪ» ሆነ፤ ከተቆለፈበት መጋዘን ሳይወጣ ማዕረግ ጨመረ። እኔን ያላሰረኝ ለሦስት መቶ ሰው የሚያበስልለት ስለሌለው ነው። በምትኩ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ድስትሽን ጠብቂ! ፖለቲካ በማማሰያ አይማሰልም!» አለኝ።

ማማሰያዬን አንስቼ ወደ ድስቴ ተመለስኩ። የአምሳሉን ነገር ያባስኩት እኔ ነኝ፤ በምን አፌ ልመልስ?

ረቡዕ ምሳ አቀረብኩ። የነአምሳሉ ትሪ እንደሄደ ተመለሰ። ዘጠኙ ከበውት ተቀምጠው፣ የአምሳሉን ቦታ ክፍት ትተው፣ ሳይነኩት ቀሩ። ከዚያም ማጭዳቸውን እግራቸው ሥር አኑረው ማሳው ዳር ተቀመጡ። የሁሉም ታላቅ ወደሆኑት ወደ አያ ሞላ ሮጥኩ።

«አያ ሞላ፣ ይኸ ነገር አድማ ነው እንዴ? ኧረ ያስፈጇችኋል!»

«ኧረግ፣ እኛ አድማ የት እናውቃለን እቴ? ሰው ጎደለብን እንጂ።»

«እስኪ ትንሽ እንኳ ቅመሱ።»

«የልጁ እናት ኸወንዙ ድረስ ሸኝታናለች። ‹አሥር ናችሁ› ብላ አንድ ባንድ ቆጥራናለች። ዘጠኝ ሆነን በየት በኩል እንገባለን?»

ሐሙስ ጧት ሠላሳ ትሪ አቀረብኩ፤ ሠላሳውም ተመለሰ። የወሎው ትሪ፣ የደብረ ታቦሩ ትሪ፣ አምሳሉን በስም እንኳ የማያውቁት ሁሉ፣ እያንዳንዱ ትሪ ዙሪያ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ትተው ተቀምጠዋል። ማን እንደነገራቸው ዛሬም አላውቅም። ሠላሳ ክፍት ቦታ! በዚያ ሁሉ ውስጥ አምሳሉ ሲቀመጥ የሚታየኝ መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ነጠላዬን ወደ ራሴ ሳብኩ።

አሁን ሰሊጥን የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ማሽላ ይታገሣል፤ ሰሊጥ አይታገሥም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካለፈው ፍሬው አፉን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል፣ ንፋስ ከነካውማ አለቀ። ጓድ መኩሪያ ደግሞ ስንት መኪና ሰሊጥ እንደሚልክ ለበላዮቹ ምሎ ነበር።

እየሮጠ መጣ። «መሪያችሁ ማነው?»

«ኸፊት የሚሄድ የለም ጌታው» አሉ አያ ሞላ፣ «ሁላችንም ተቀምጠናል።»

«ማን አትብሉ አላችሁ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?»

«ሰው እስኪሞላ ነው።»

ታጣቂዎቹን አቁሞ አስፈራራ። የሚጮህ አላገኘም፣ የሚወረውር አላገኘም። ጠላት የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ የሚያርፍበት አጣ። እነሱ ማጭዳቸውን እንኳ አልነኩም። ዝም ከማለታቸው የተነሳ፣ ንፋሱ ሽው ባለ ቁጥር ሰሊጡ ሲረግፍ ይሰማ ነበር፤ ሾ... ሾ... እንደ ካፊያ። በሕይወቴ እንደዚያ ያስፈራኝና እንደዚያ ደስ ያለኝ ድምፅ የለም። እኔ በጩኸት ያላንቀሳቀስኩትን ሰው ያ ድምፅ ያንቆራጥጠው ጀመር።

በዚህ ብቻ የሻይ ቤቱን ክርክር የረታሁ እንዳይመስላችሁ። በየከተማው ዝም ብለው ተቀምጠው ያለቁ አሉ። የሠራተኞቹን እጅ ጓድ መኩሪያ ይፈልገው ነበር፤ የማይፈልገው ቢሆን ኖሮስ? ሰሊጡ ማሽላ ቢሆን ኖሮስ? አላውቅም። ወንድይፍራውም ፈሪ አልነበረም፤ እስካሁን ከገላባት አልተመለሰም፣ ባሰብኩት ቁጥር ያመኛል። እኔ የማውቀው የወጥ ቤት ነገር ብቻ ነው፤ ድንጋይ ከማንሳታችሁ በፊት ያ ሰው ምን በልቶ እንደሚያድር ጠይቁ።

ዓርብ እኩለ ቀን፣ መኪናው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የመጋዘኑ በር ተከፈተ። አምሳሉ ዓይኑን ከፀሐይ እየከለለ መጣና ክፍት በቆየው ቦታው ተቀመጠ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም እልል አላለም። አያ ሞላ ብቻ በጣታቸው እየጠቆሙ ከአንድ እስከ አሥር ቆጠሩ። ሦስት መቶ ሰው ባንዴ ቆረሰ።

ጓድ መኩሪያ ግን እንዲሁ ማለፍ አልሆነለትም። ትሪዎቹ መሃል ቆመ። አብዮቱ መሐሪ ስለመሆኑ ብዙ ተናገረ። ሁሉም ያኝካል። በመጨረሻ ግራ እጁን አንስቶ «አድኃሪያን ይውደሙ!» አለ። የመለሰለት የለም፤ የሦስት መቶ ሰው አፍ ሞልቷል። እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረች። ዙሪያውን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ አፌ ባዶ የነበረ እኔ ብቻ ነኝ። አንቱ እያልኩት ከርሜያለሁ። ያን ቀን አንቱታውን እድስቱ ሥር ተውኩና፣ ማማሰያዬን እንደያዝኩ እንዲህ አልኩት፦

«አሜን! በል እጅህን አውርድና ታጠብ ጓድ መኩሪያ፤ ና ቅረብ፣ አሁን ሰው ሞልቷል።»