ለብራንድ የሞተ አባት

አንባቢዬ፣ የድህነት ታሪኩን አሳምሮ የሚጽፍ ባለከረባት ሲያጋጥምህ ታምነዋለህ? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ነው።

ልጄ ቦሌ ቢሮ ይሠራል። ሠራተኞች በሚሞጋገሱበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ «አባቴ በልጅነቴ ሞቶብኝ፣ ላምበረት መናኸሪያ ሸንኮራ እየሸጥኩ እዚህ ደረስኩ» ብሎ ጽፎ ስልኩ ላይ አነበብኩት። ሸንኮራውን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ባልማር ኖሮ መሞቴንም ሳልሰማ እቀር ነበር።

«ምን በድዬህ ገደልከኝ?» አልኩት።

«አባዬ ደግሞ! ፐርሰናል ብራንድ እኮ ነው። አባት ያለውን ሰው ማን ላይክ ያደርገዋል?»

«እናትህስ?»

«እሷን ለሚቀጥለው ፖስት ይዣታለሁ።»

ቅዳሜ ለሚ ኩራ ያለው ቤታችን በር ተንኳኳ። ስከፍት የቢሮ ባልደረቦቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ሳንሰማ ቀርተን ነው፤ እግዜር ያጥናችሁ» አለች አንዷ። «እርስዎ ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»

«ሟቹ እኔ ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ልጄ ከጓዳ ሮጦ ደረሰ።

«አጎቴ ናቸው» አለ።

አፉን ከፈታ ጀምሮ አንተ ሲለኝ የኖረ ልጅ፣ ያን ቀን አንቱ አለኝ።