ደረጃው ላይ ስለተቀመጠችው የእንግዳ እንግዳ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ቦታ፦ የሆቴሉ ክፍል ቁጥር አራት (ምግብ ቤቱ ቀለም እየተቀባ ስለሆነ)
ሰዓት፦ ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ስምንት ተኩል ላይ የተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
የሆቴሉ ባለቤት፣ ሰብሳቢ
ሥራ አስኪያጁ፣ የሰብሳቢዋ ታናሽ ወንድም
አልጋ አንጣፊዋ
ዘበኛው
የንብረት ክፍል ሠራተኛው፣ ጸሐፊ (የተመረጠው ጽሑፉ ይነበባል ተብሎ ነው)

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ዘበኛው «ደረጃውን ትቼ አልገባም» በማለታቸው ወንበራቸው በሩ ላይ ተደርጎ አንድ እግራቸው በስብሰባው፣ አንድ እግራቸው በኮሪደሩ ሆኗል። እንዲህ ያለ ሰው እንደተገኘ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ከብዙ ውይይት በኋላ አራት ሰው ተኩል ተገኝቷል፣ ይበቃል ተብሎ ስብሰባው ተከፍቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለተፈጠረው ሁኔታ ሪፖርት መስማት

ዘበኛው እንዲህ ሲሉ አስረድተዋል። ክፍል ሰባት ያረፉት አዛውንት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ነገ ጠዋት ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል። ዛሬ አራት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት መጥታ «አባቴን ልጠይቅ ነው» አለች። ዘበኛው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳዩዋት፤ ማስታወቂያው እንግዳ ወደ ክፍሉ ሌላ እንግዳ ካስገባ የአልጋውን ዋጋ ሩብ ይጨምራል ይላል። ሴትዮዋም «አባቴን ለማየት ቲኬት አልቆርጥም» ብላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። አዛውንቱ ድምፅዋን ሰምተው ከክፍላቸው ወጡ፤ «እኔ ልክፈል» ቢሉ «ብትከፍል እሄዳለሁ» አለቻቸው። ስለዚህ ወንበራቸውን አውጥተው ከደረጃው ራስ ላይ ተቀመጡ። እስካሁን እዚያው ናቸው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ «ይቅርታ» እያለ ይሻገራቸዋል፤ የክፍል አሥራ ሁለቱ ነጋዴ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ካሉ በኋላ አራተኛውን ትተውታል።

ሰብሳቢዋ አባትና ልጅ ለመሆናቸው ማስረጃ አለ ወይ ብለው ጠይቀዋል። አልጋ አንጣፊዋ ሁለቱም ሲናደዱ የግራ ቅንድባቸው ብቻ ከፍ እንደሚል በዓይናቸው አይተው መስክረዋል። ማስረጃው በቂ ነው ተብሏል።

አጀንዳ 2፦ «የእንግዳ እንግዳ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ

ሥራ አስኪያጁ፣ የእንግዳ እንግዳ ማለት አልጋ ሳይከራይ አልጋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው ብለዋል። በየክፍሉ ያለው ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ሰው የሚቀመጠው አልጋው ላይ መሆኑን፣ በዚህም የተነሣ አልጋዎቹ ወገባቸው መጉበጡን አብራርተዋል። አልጋ አንጣፊዋ፣ አልጋዎቹ ሲገዙም ጎባጣ እንደነበሩ አስታውሰዋል። ሥራ አስኪያጁ ይህ አጀንዳ አልተያዘለትም ብለዋል። አልጋ አንጣፊዋም የኔ ወገብ ግን አጀንዳ ባይያዝለትም ያመዋል ሲሉ መልሰዋል።

ቆሞ የሚጠይቅ ሰው እንዴት ይሁን የሚለው ተነሥቶ፣ ሥራ አስኪያጁ የቆመ ግማሽ፣ ደፍ ላይ የቆመ ደግሞ የግማሹን ግማሽ ይክፈል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በዚህ ጊዜ ሁሉም ወደ ዘበኛው ዞረዋል። ዘበኛው እግራቸውን ወደ ኮሪደሩ በመሳባቸው ምልዓተ ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ጎድሎ፣ በልመና ተመልሷል።

ሕፃን ልጅስ ተብሎ ተጠይቆ፣ ሥራ አስኪያጁ ክፍያው በኪሎ ቢሆን ለማንም አያዳላም ብለዋል። ጸሐፊው መጋዘን ውስጥ ሚዛን አለ ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ አለ፣ ግን ሰው መዝኜበት አላውቅም ብሏል።

ከብዙ ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወስኗል፦ የተቀመጠ ሙሉውን፣ የቆመ ግማሹን፣ ደፍ ላይ ያለ የግማሹን ግማሽ ይከፍላል፤ ሕፃን በእናቱ ይታያል።

አጀንዳ 3፦ ደረጃውን ስለማስለቀቅ

ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ከዛሬ ጀምሮ ክፍል ሃያ ሦስት ይባልና ሴትዮዋ እዚያው በተቀመጠችበት ትክፈል ብለዋል። አልጋ አንጣፊዋ «ልጄ ምሳ ይዞልኝ የመጣ ቀን እሱንስ በምን ልትቆጥሩት ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ሰብሳቢዋ እኅታቸው ዞረው «እትዬ፣ ሆቴል በእንዲህ ዓይነት ርኅራኄ አይተዳደርም» ቢሉ፣ ሰብሳቢዋ እዚህ እትዬ እንደማይባል አሳስበዋል። ክርክሩ እየጋለ ሳለ አዛውንቱ ራሳቸው ዘበኛውን አልፈው ገብተዋል።

አዛውንቱ ልጃቸውን ውሃ ልጠጣ ነው ብለዋት እንደመጡ ገልጸው፣ በዝግታ እንዲህ ብለዋል፦

«ሰርጓ ላይ አልሄድኩም። ባሏን አልወደድኩትም ነበር። ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ለሕክምና መምጣቴን የነገራት ጎረቤት ነው። ዛሬ ስትመጣ ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ደህና? ደህና ተባብለን በአምስት ደቂቃ ልትሄድ ነበር። ማስታወቂያችሁን ስታነብ ግን ተናደደች። እኔም ተናደድኩ። ይኸው አምስት ሰዓት ያህል እናንተን ስንሰድብ ዋልን። ከስድስት ዓመት ወዲህ በአንድ ነገር ስንስማማ የመጀመሪያችን ነው።»

ሥራ አስኪያጁ የስድቡ ይዘት ምን እንደሆነ ጠይቀዋል። አዛውንቱ ዝርዝር ውስጥ ባይገቡም ከአንገት በላይ እንዳልሆነ አረጋግጠዋል። ቀጥለውም «ስለዚህ እባካችሁ ቶሎ አትወስኑ። ክፍያው ቀርቷል ካላችኋት ተነሥታ ትሄዳለች። ገና አሁን ነው የልጅ ልጄን ስም የነገረችኝ። ትንሽ ጎትቱልኝ» ብለው ወጥተዋል።

ከዚያ አልጋ አንጣፊዋ «እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱስ ምላጩን ተካፍለውታል» ብለዋል። ጸሐፊው ይህ ይጻፍ ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ይጻፍ ተብሏል።

በሙሉ ድምፅ የተወሰነ፦ ስብሰባው እንዲጎተት። ኮሚቴው ይህን ሳይወስንም ሲያደርገው እንደኖረ ተወስቷል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ስለ መጋረጃ ቀለም አንድ ሰዓት ውይይት ተደርጓል። መጋረጃ አልተገዛም፣ የመግዛት ሐሳብም የለም። በዚህ መካከል ዘበኛው ከበሩ ሆነው ሪፖርት ሲያቀርቡ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስድቡ ከኮሚቴው ወደ ሴትዮዋ ባል መዛወሩን፣ የምትሰድበውም እሷ ራሷ መሆኗን፣ አባትየው ደግሞ «ተይ፣ እንዲህስ አይባልም» እያሉ እንደሚከላከሉለት አሳውቀዋል። አሥር ሰዓት ላይ ስለ ሰርጉ መነሣቱን ተናግረዋል። ይህን ሲሰሙ ሰብሳቢዋ ብዕራቸውን አስቀምጠዋል።

አሥር ከሩብ ላይ ዘበኛው «ተነሣች» ብለዋል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ላይ ነው ወደ ታች ብለው የጠየቁት ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነው። ወደ ላይ ነው። የአባትየው የዓይን ጠብታ ሰዓት ደርሶ፣ ጠብታው ደግሞ ተንጋለው ካልሆነ ስለማይገባ፣ «ና አባዬ፣ ጋደም በል» ብላ እጃቸውን ይዛ ክፍል ሰባት ገብታለች። ከገባች በኋላ የት ተቀመጠች ተብለው የተጠየቁት ዘበኛው፣ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ሲኖሩ እንደዛሬ ምንም ሳያዩ ቀርተው እንደማያውቁ መልሰዋል።

አጀንዳ 5፦ ማጠቃለያ ውሳኔ

ከብዙ ውይይት በኋላ፣ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ፣ የቆመውም፣ የተቀመጠውም፣ ደፍ ላይ ያለውም፣ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ማስታወቂያውም ከግድግዳው እንዲነሣ ተወስኗል። ሥራ አስኪያጁ በተቃውሞ ተመዝግበው፣ ቆየት ብለው ተቃውሟቸው እንዲሰረዝ ጠይቀዋል፤ ተሰርዟል።

ሰብሳቢዋ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ሥራ አስኪያጁን «እማዬን ከጠየቅሃት ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብለዋቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ቀኑን በትክክል ለማስታወስ ጊዜ እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል። «አንተስ እሺ፣ እኔም እኮ ቆየሁ» የሚለው የሰብሳቢዋ ንግግር እንዳይመዘገብ ታዟል።

ስብሰባው አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ተዘግቶ፣ ሰብሳቢዋና ሥራ አስኪያጁ በአንድ ታክሲ ሄደዋል።