ቋሚ ያራራቁት ሰውዬ

እንጨት ቆጥቦ ሀብታም ለመሆን የሚያስብ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቤቱን ተከራይቼ ነው የተዋወቅሁት።

አከራያችን ኦቦ ቶላ፣ ሰበታ ላይ የጭቃ ቤት ሲያሠሩ አናጢውን "ቋሚዎቹን አራርቃቸው፤ ጫካ አይደለም የምንተክለው" ብለው አዘዙት። ይህን ብልሃታቸውን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፣ ያውም በኩራት። በተረፈው እንጨት እዚያው ግቢ ውስጥ ላለው ለራሳቸው ቤት በረንዳ ሠሩበት።

ክረምት ሲገባ በቋሚዎቹ መካከል ያለው ጭቃ ወደ ውስጥ ያብጥ ጀመር። አልጋችንን ሳብ አደረግን። ግድግዳው ተከተለን። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ሽሮ እያማሰለች ሳለ ግድግዳው ዘጭ አለና በረንዳቸው ላይ ከተቀመጡት ከኦቦ ቶላ ጋር ፊት ለፊት ተያየን።

"አካም ቡልታን?" አሉን፣ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው።

"ኧረ ኦቦ፣ ግድግዳው ወደቀ እኮ!"

"አየሁት። ብርሃን ገባላችሁ" አሉና ጥቂት አሰብ አድርገው "መስኮት ያለው ቤት ግን ኪራዩ ይለያል" አሉ።

ተናድጄ ሌላ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ቡራዩም ሄድኩ፣ ሱሉልታም ሄድኩ። ጥንካሬውን ልፈትሽ ግድግዳ ባንኳኳሁ ቁጥር አከራዮቹ ስንት እንጨት እንዳተረፉ እየሳቁ አወሩኝ።

ደክሞኝ ስመለስ ባለቤቴ ለቀዳዳው መጋረጃ እየለካች ነበር።