የመንገድ ዳር ባቄላ

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ቢሮዬ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ላይ እንዳቀረቀርኩ ሸለብ አደረገኝና አለምኩ።

በሕልሜ ማሳዎቹ ቢሮ ገብተው ወንበራችን ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ የግብርና ባለሙያዎቹ ደግሞ ውጭ በመስመር ተዘርተናል። ከወገቤ በታች አፈር ውስጥ ነኝ። አፈሩ ይሞቃል፣ ደስ ይላል። ከጎኔ የተዘራው አለቃዬ በደንብ አልበቀለም፤ ባርኔጣው ብቻ ብቅ ብሏል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩ በሆዴ።

ሁለት በሬዎች ሜትርና ቅጽ ይዘው መጡ። አንዱ መነጽር አድርጓል።

«ይሄ ምን ያፈራል?» አለ ባለመነጽሩ።

«ሪፖርት» አልኩት።

«ይበላል?»

«አይበላም።»

«ለከብትስ ይሆናል?»

«አይሆንም» አልኩት። በሬው ዜሮ ጻፈ። ሰው የዘራውን ያጭዳል፤ ያቺን ዜሮ አውቃታለሁ።

ባለፈው ወር አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ፣ መንገድ ዳር ባለችው ቁራጭ መሬታቸው ላይ ስንዴ ትተው ለምን ባቄላ እንደሚዘሩ ጠይቄያቸው ነበር። «መንገደኛ እሸት ይቀምስበታል። ቀጥፎ ሲበላ ሳየው ደስ ይለኛል» አሉኝ። ገበሬ ምን ቢዘራ እንደሚሻለው የሚናገረው የኮምፒዩተር ሞዴሌ ግን «ደስ ይለኛል» የሚሞላበት ሳጥን የለውም። ዜሮ ሞላሁ። ከርሞ እዚያች ቁራጭ ላይም ስንዴ እንዲዘሩ የሚያዝዘውን ደብዳቤ ሰኞ ዕለት ፈረምኩ።

«ይነቀልና ስንዴ ይዘራበት» አለ በሬው።

እግሬ ከአፈሩ ሲላቀቅ ተሰማኝና ፈራሁ። ወዲያው መንገዱ ተነሥቶ መሄድ ጀመረ፤ መንገደኞቹ ግን ባሉበት ቆመው ነበር። መንገዱ አቶ ጓንጉልን ይዞ አጠገቤ ደረሰ።

«አባቴ፣ ያድኑኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ያውቁታል?» አላቸው በሬው።

«አውቀዋለሁ። ቅጽ ይዞ ቤቴ የመጣ ልጅ ነው።»

«ምን ይጠቅምዎታል?»

አቶ ጓንጉል ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ኧረ ምንም» አሉ።

«እንግዲያው እንንቀለው?»

«ተዉት፣ ተዉት! ይቁም። እዚህ ቆሞ ሳየው ደስ ይለኛል።»

በሬው ቅጹን አገላበጠ። ሳጥን ፈልጎ አጣ። ከዚያ በቀንዱ ጫፍ ጠርዙ ላይ አዲስ ሳጥን ሠራና ሞላው። እንባዬ መጣ። «አባቴ፣ እኔም ለእርስዎ ሳጥን እሠራለሁ፤ ዛሬውኑ እሠራለሁ!» አልኩ።

«አንተ፣ ተነሥ እንጂ! ዘጠኝ ሰዓት ሆነ እኮ!»

የቢሯችን ተላላኪ፣ ወይዘሮ ዘነቡ ትከሻዬን ይዘው እየነቀነቁኝ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከነአገዳው በሣር የታሰረ የባቄላ እሸት ተቀምጧል።

«ማን አመጣው?»

«አቶ ጓንጉል የሚባሉ ሽማግሌ። ልቀስቅሰው ብላቸው፣ ደክሞት ይሆናል፣ ተዪው አሉኝ።» ወይዘሮ ዘነቡ አንዷን ባቄላ ፈልፍለው አፋቸው ውስጥ ጣሉ። «ደብዳቤህ ደርሷቸዋል። ‹ከርሞ አይኖርም፤ ዘንድሮ ይቅመስልኝ› ብለውሃል።»