ለእንግዳ ሲባል የታመመች ግድብ

እንግዳ ይመጣል በተባለበት ቀን ቤታችን የእኛ መሆኑ ይቀራል። በሩ አልዘጋ ያለው ቁም ሳጥን በትከሻ ተገፍቶ ይዘጋል፤ ጣሪያው ለሚያፈስበት ቦታ የተቀመጠው ባልዲ አልጋ ሥር ይገባል። ዝናብ ቢመጣስ? ዝናብ ከእንግዳ አይበልጥም። ይህን የምላችሁ ልታዘባችሁ አይደለም፤ እኔም ሰው ሲመጣብኝ ካልሲዎቼን ፍሪጅ ውስጥ የከተትኩ ሰው ነኝ። ችግር የሚሆነው እንግዳው የተላከው ባልዲውን ለማየት ሲሆን ነው።

ያ እንግዳ እኔ ነኝ። ሥራዬ የግድቦችን ደህንነት መፈተሽ ነው። ይህን ስላችሁ አንድ ግዙፍ የኮንክሪት ተራራ በዓይናችሁ ከመጣ አስወጡት፤ እሱን የሚፈትሹ ከእኔ በላይ ያሉ ሰዎች አሉ። ለእኔ የሚደርሱኝ ትንንሾቹ፣ አንድ የኳስ ሜዳ የማይሞላ ውሃ አቅፈው የተቀመጡ የአፈር ግድቦች ናቸው። ቢሆንም አይናቁም፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። በተፈጥሮዬም ለሥራው ሳልመች አልቀረሁም። በሬን ቆልፌ ወሰን ሰፈር ታክሲ መያዣው ድረስ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምነቀንቅ ሰው ነኝ። ነቅንቄ ስሄድ ደግሞ፣ "ስነቀንቀው ከፍቼው ይሆን?" እላለሁ።

አንድ ረቡዕ ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ተዳፋት ላይ ወዳለች አንዲት ግድብ ወጣሁ። ባለቤቶቹ ድሮ ከጫካው እንጨት ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ፣ ዛሬ ተደራጅተው ችግኝ የሚያፈሉ ሴቶች ናቸው። የግድቧ ውሃ ካለ ችግኙ አለ፤ ውሃው ከሌለ ወደ እንጨቱ መመለስ ነው። ከግድቧ በታች ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ቤቶች አሉ። እንግዲህ ብዕሬ ወዲህ ብታጋድል ሴቶቹ ላይ፣ ወዲያ ብታጋድል ቤቶቹ ላይ ናት። እኔ ደግሞ ምሳ ለማዘዝ እንኳ ሁለቴ ሐሳቤን የምቀይር ነኝ።

ስደርስ ግድቧ ተሞሽራለች። ሌላ ቃል የለኝም። አናቷ ላይ የተደረደሩት ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል፤ ጀርባዋ ላይ ችግኝ በመስመር ተተክሏል፤ ሴቶቹ ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ ዳር ላይ ዶሮ ወጥ ተጥዷል፣ ረቡዕ ነውና ዞሬ አለፍኩት። ለሠርጌ እንኳ እንዲህ ያለ አቀባበል አልጠብቅም። ሊቀመንበሯ እትዬ ብርሃኔ፣ "ጌታ ይባርክህ ኢንጂነርዬ" ብለው አንድ የጽድ ችግኝ አስያዙኝ። "ይቺ በስምህ ናት።"

ጉድጓዱ የተቆፈረው እዚያው የግድቧ ጀርባ ላይ ነው። የአፈር ግድብ ላይ ዛፍ መትከል ለውሃ መንገድ መጥረግ ነው፤ ሥሩ ይገባል፣ ሲበሰብስ ቀዳዳው ይቀራል፣ ውሃ ደግሞ የተከፈተ በር ሲያገኝ አያንኳኳም። ይህን አውቃለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ግን ሁሉም ስልኩን ወደ እኔ ደግኗል። ተከልኩ። በዚህ ዘመን፣ በዚህች አገር፣ ሰው ሁሉ እያየው "ችግኝ አልተክልም" ማለት የሚችል ጀግና ካለ ይምጣና ይተካኝ።

ከዚያ ወደ ግርጌዋ ወረድኩ። የአፈር ግድብ ሁልጊዜ ትንሽ ያልባታል፤ ላቧ የሚወጣበት ቱቦ እግሯ ሥር አለ። ቱቦው ከተንጠባጠበ ጤና ነው። ይሄኛው ደረቅ ነው። ደረቅ ብቻ ሳይሆን ኖራ ተቀብቷል። "ደረቅ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት፤ እንደገና ጻፍኩት። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስል ግን ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ከላይ ሣር ለብሶ ደህና የሚመስለው መሬት ከሥሩ ስፖንጅ ሆኗል።

"እትዬ፣ ይሄ ቱቦ ምን ሆኖ ነው?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"ደፈንነዋ" አሉ እትዬ ብርሃኔ። "በማዳበሪያ ከረጢትና በሲሚንቶ። እያፈሰሰች እናሳይህ? መንግሥት ነህ እኮ።"

"መቼ ነው የደፈናችሁት?"

"ትመጣለህ የተባልን ዕለት።"

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የግድቧ ሽንት ቤት ማለት ነው።"

ከኋላ አንዲት ቀጭን ወጣት፣ "ታዲያ እንግዳ እስኪሄድ ብትይዘው ምን አለበት?" አለች። ሳቁ ተዳፋቱን ይዞ ወረደ።

እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ ጫማዬን ከጭቃው አወጣሁ። መውጫ ያጣ ውሃ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ጫማዬ ሥር የጀመረውም ይኸው ነው። ድፍኑ ሲነሳ ጥርት ያለ ውሃ ከወጣ፣ ነገሩ ላብ ብቻ ነው። ድፍርስ ሆኖ ከቀጠለ ግን ውሃው የግድቧን ሆድ እየበላ ነው፤ ኩሬው ዛሬውኑ መለቀቅ አለበት። ይህን ነገርኳቸው። ሳቁ ቆመ።

"ኩሬውን ከለቀቅከው እኛ ነገ ጫካ ነን" አሉ እትዬ ብርሃኔ ዝግ ብለው።

"ካልለቀቅሁትስ? እነዚያ ቤቶች?"

ወደ ሸለቆው አዩ። "የእህቴም ቤት እዚያው ነው" አሉ። መዶሻውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው።

ድፍኑ ሲፈነቀል ቱቦው አንዴ አጉረመረመና ተፋ። የወጣው ጠላ የመሰለ ውሃ ነው፤ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ጴንጤዎች ስለሆኑ ምሳሌዬን በሆዴ ያዝኩት። "መጀመሪያ የሚወጣው የድፍኑ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል፤ እንጠብቅ" አልኩ። እኔ ባደግሁበት ቤት መጠበቅ ማለት ዝም ማለት ነበር። እነሱ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዷ በራሷ ቃል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጸለይ ጀመሩ። እኔ ብርጭቆ እሞላለሁ፣ ወደ ፀሐይ አንስቼ አያለሁ፣ እደፋለሁ። ሳነሳ ጸሎቱ ይቆማል፤ ስደፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ጠላው እየቀጠነ ብርዝ ሆነ። ብርዙም እየሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻ በብርጭቆው ውስጥ የእትዬ ብርሃኔ አፍንጫ ጥርት ብሎ ታየኝ። አላመንኩም። ሌላ ቀዳሁ። አሁንም አፍንጫ። ደግሜ ልቀዳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ኢንጂነርዬ፣ ጌታ አንዴ ከመለሰ ድጋሚ አይጠየቅም።"

"መሥሪያ ቤቴ ይጠይቃል" ብዬ ቀዳሁ። ኩልል ያለ ውሃ። እልልታቸው ጉርድ ሾላ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ኩሬው ከነውሃው ቀረ። ቱቦው ዳግመኛ አይደፈን፣ ረግረጉ እስኪደርቅ ውሃው ትንሽ ዝቅ ይበል፣ ችግኞቹ ከግድቧ ጀርባ ተነቅለው ሌላ ቦታ ይተከሉ ብዬ አዘዝኩ። የእኔን ራሴ ነቀልኩት። በዚህኛው ማንም ፎቶ አላነሳኝም።

ስሰናበት ድምፄን ወፈር አደረግሁ። "ረግረጉ መድረቁን ለማየት እመለሳለሁ። ግን ሳይነገር፣ በድንገት ነው።"

"እሰየው" አሉ እትዬ ብርሃኔና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። "ረቡዕና ዓርብ አትመጣም፤ ጾመኛ ነህ፣ ዛሬ ከዶሮው ስትሸሽ አይቼሃለሁ። ቅዳሜ መሥሪያ ቤታችሁ ዝግ ነው። እሑድ እኛ አምልኮ ላይ ነን። ሰኞ እናንተ ስብሰባ ናችሁ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ማክሰኞ ነው ሐሙስ?"

"እትዬ፣ ድንገተኛ እኮ ነው።"

"እሱማ ነው። ዶሮ ግን በድንገት አይሠራም።"

ቀኑን በልቤ ይዤ ወረድኩ፤ ሙያው ምስጢር መጠበቅን ይጠይቃል። ታክሲ ውስጥ ሐሙስ ብዬ ያሰብኩትን ወደ ማክሰኞ አዛወርኩት። ከዚያ ማክሰኞን ጠርጥረው ይሆናል ብዬ ወደ ሐሙስ መለስኩት። መገናኛ ልደርስ ስል ስልኬ ጠራ፤ እትዬ ብርሃኔ ናቸው።

"ኢንጂነርዬ፣ ማክሰኞ የጾም ጸሎት እንዳለን ረስቼው። ሐሙስ አድርገውና በድንገት ና።"