ወፍ የተከለው ጥድ

በአማርኛችን ችግኝም ይጸድቃል፣ ሰውም ይጸድቃል። በሪፖርት ግን ሁለቱም አይጸድቁም። ይህ እስኪገባኝ ድረስ በግብርና ጽሕፈት ቤት ስንት ክረምት ሪፖርት ስጽፍ እንደኖርኩ አትጠይቁኝ።

አገራችን ለሚሞቀው ዓለም መላ ሲፈለግ «እኔም የድርሻዬን ጭስ እቀንሳለሁ» ብላ ቃል ገብታለች። ብዙውን ሸክም የጣለችው ደግሞ ዛፍ ላይ ነው፤ ዛፍ ካርቦኑን ከአየር ስቦ ግንዱ ውስጥ ያስቀምጣልና። እንግዲህ እኔ ዲክሲስ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ተራራ ላይ «ተተክሏል» ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ከአገር ቃል ጋር ተደምሮ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንዲት ባለሙያ ዛፎቹን በዓይኗ ልታይ መጣች። ጉድ ፈላ! የተከልነውን ውርጭ ፈጅቶታል፤ ከውርጭ የተረፈውን በግ ቀንጥቦታል። ወደ ሌላ ተራራ ልወስዳት ዳድቶኝ ነበር። እንጀራዬም አሳሳኝ። እቦታው ስንደርስ ግን አፌ ለመዋሸት እምቢ አለኝ።

«እህቴ፣ የጻፍኩት የተከልነውን እንጂ የጸደቀውን አይደለም። የቀረው ጉድጓዱ ነው።»

ጉድጓዶቹን አየችና፣ «ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ፤ ጉድጓድ ነው ብለው የነገሩኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለች።

አጠገባችን ቆመው ይህን ሲሰሙ የቆዩት፣ ከተራራው ጋር የሚዋሰነው መሬት ባለቤት ኦቦ ቱሉ፣ «ኑ እስቲ፣ የኔን ደግሞ እዩ» ብለው ወደ ማዶው ገደል መሩን። ምን ልበላችሁ፣ ጥድና ኮሶ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ቆሟል! ባለሙያዋ ሜትሯን አውጥታ ግንድ ለካች።

«አባቴ፣ መቼ ተከሉት?»

«እኔ? ወፍ ነው የተከለው። እኔ ከብቴን ብቻ ነው የከለከልኩት፤ ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ጀምሮ።»

ባለሙያዋ በያዘችው ቅጽ ላይ ግን የተተከለበትን ቀን እንጂ ወፍን የሚጠይቅ ቦታ የለም። ወረቀቷን ገልብጣ ጀርባው ላይ ጻፈች።

«ገለቶማ» ብላ፣ በምታውቃት አንዲት የኦሮምኛ ቃል አመስግና መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩ ሲነሳ ጥቁር ጭስ እየተግተለተለ ጥዱን አለበሰው። ኦቦ ቱሉ መስኮቱን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ዛፉን እኔ እጠብቃለሁ። መኪናውን ግን እናንተ አስጠግኑ።»

እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሾፌሩ ብቻ አልሳቀም።

በማግስቱ ሪፖርቴን አረምኩ። አለቃዬ ቁጥሩ ሲያንስበት ፊቱን አጠቆረ፤ ግን ፈረመ። ዘንድሮ ያንን ተራራ አጥረን ከብት ከልክለናል። ሪፖርቴ አጠረ፤ እንቅልፌ ረዘመ።